የመጀመሪያው የአርትዖት ፈተና፦ ከጎጃም ተነሥተው ለአራሚነትና ለረዳት አርታዒነት ለሚወዳደሩ ዝርዝር መመሪያ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ ወይም ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአንድ አሳታሚ ድርጅት የአራሚነት ወይም የረዳት አርታዒነት ሥራ ለማግኘት የሚወዳደር ወጣት አብዛኛውን የዝግጅት ጊዜውን የሚያውለው ለቃለ መጠይቁ ነው። ምን ልልበስ፣ ስለ ራሴ ምን ልናገር፣ ደመወዝ ቢጠይቁኝ ስንት ልበል እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ ይሰነብትና የአርትዖት ፈተናውን «አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው» በሚል መተማመን ብቻ ይቀርብበታል። እኔ ፈተናውን ተፈታኝ ሆኜም ፈታኝ ሆኜም አይቼዋለሁና ከተወዳዳሪዎች አብዛኞቹ የሚወድቁት አማርኛ ስለማያውቁ እንዳልሆነ መናገር እችላለሁ። የሚወድቁት ከሚገባው በላይ ስለሚያርሙና ላረሙት ነገር ምክንያት ማቅረብ ስለማይችሉ ነው።

ይህንን የተማርሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። በመጀመሪያው ፈተናዬ የተሰጠኝ የአንድ አጭር ልብ ወለድ ሦስት ገጽ ሲሆን በውስጡ አንዲት የጎጃም ባላገር እናት ልጃቸውን «ምን ሁነህ ነው የዘገየኸው? ገበያ ሂደህ ነው?» ብለው ይጠይቁታል። እኔም ያደግሁበትን አነጋገር እንደ ስሕተት ቆጥሬ «ሁነህ» የሚለውን «ሆነህ»፣ «ሂደህ» የሚለውን «ሄደህ» አድርጌ በቀይ እስክሪብቶ አረምሁት። ፈታኙ አዛውንት አርታዒ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «የእኒህን እናት አነጋገር የለወጥኸው ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ገጽ ላይ ደራሲው በራሱ የትረካ ቋንቋ አንድ ቦታ «ሆኖ»፣ ሌላ ቦታ «ሁኖ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ መታረም የነበረበት ያ ነው፣ እኔ ግን አላየሁትም። የሚናገሩትን ሰዎች አነጋገር ጠብቆ የትረካውን ቋንቋ ወጥ ማድረግ የረዳት አርታዒ ሥራ መሆኑን የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው መመሪያ በሙሉ የሚያጠነጥነው እኒያ አዛውንት በጠየቁኝ «ለምን?» ላይ ነው።

አንደኛ፦ የምትወዳደሩበትን ሥራ ለዩ

ብዙዎቻችን አሳታሚንና ማተሚያ ቤትን አንድ አድርገን እንጠራለን። አሳታሚ ረቂቁን የሚመርጥ፣ ከደራሲው ጋር የሚዋዋል፣ ጽሑፉን የሚያሳርም፣ ወጪውን የሚሸፍንና መጽሐፉን ለገበያ የሚያቀርብ ነው። ማተሚያ ቤት ደግሞ፣ በ1914 ዓ.ም. እንደተቋቋመው እንደ ብርሃንና ሰላም ያለው፣ ያለቀለትን ገጽ ተረክቦ በወረቀት ላይ የሚያሳርፍና የሚጠርዝ ነው። በሀገራችን ሁለቱን ሥራ አንድ ድርጅት የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ደራሲው ራሱ አሳታሚ ሆኖ ወጪውን የሚሸፍንበትም ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ልዩነት ለተወዳዳሪው ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ወጪውን ደራሲው በሚሸፍንበት ሥራ ላይ የአርታዒው የመወሰን ሥልጣን የሚጠብብ ሲሆን ጥያቄ የመጠየቅና የማስረዳት ኃላፊነቱ ግን ይሰፋል።

ሥራው ራሱም ደረጃ አለው። የይዘት አርትዖት የምዕራፎችን ቅደም ተከተል፣ የሐሳብ ፍሰትንና የጎደለውን ወይም የተደጋገመውን ይመለከታል። የቋንቋ አርትዖት በዐረፍተ ነገር፣ በቃል ምርጫና በወጥነት ላይ ያተኩራል። እርማት ግን ገጹ ከተቀናበረ በኋላ የሚደረግ የመጨረሻ ንባብ ሲሆን ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ የገጽ ቁጥር፣ ርዕስና የመስመር አሰባበር የሚፈተሹበት ነው። ለጀማሪ የሚሰጠው ሥራ ባብዛኛው እርማትና ማመሳከር ነው፤ ማመሳከር ማለት ቀደም ሲል የታዘዘው እርማት በአዲሱ ገጽ ላይ በትክክል መግባቱንና በዚያ ሰበብ ሌላ ስሕተት አለመፈጠሩን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። ማስታወቂያው «አራሚ» እያለ እናንተ በፈተናው ላይ አንቀጽ ከአንቀጽ ብታዛውሩ ያልተጠየቃችሁትን ሠርታችኋል። ትእዛዙ ግልጽ ካልሆነ «የሚፈለገው እርማት ነው ወይስ የቋንቋ አርትዖት?» ብሎ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ብዙ ፈታኞች የሚደሰቱበት ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፦ የአሳታሚውን መጻሕፍት በአርታዒ ዓይን አንብቡ

ድርጅቱ ካሳተማቸው መጻሕፍት ቢያንስ ሁለቱን ፈልጉ። ለመግዛት አቅም ካነሰ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት የሚያነብ ወዳጅ አይታጣምና በእርሱ በኩል ማየት ይቻላል። ታሪኩን ወይም ትምህርቱን ብቻ አትከተሉ፤ ከርዕስ ገጹ ጀርባ ያለውን የመብት ገጽ ጀምራችሁ አንብቡ። እዚያ የኅትመት ዓመቱ፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ የአሳታሚው ስም፣ አንዳንዴም የአርታዒውና የገጽ አቀናባሪው ስም ይገኛል። ባለ 13 አኃዙን ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥርም ተመልከቱ። በሀገራችን ይህን ቁጥር የሚሰጠው በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሲሆን ከ978 ቀጥሎ 99944 የሚለውን መለያ ካያችሁ ቁጥሩ የኢትዮጵያ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለ ደራሲ መብት ቢነሣ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት እንደሚጠብቅ ማወቅ ለጀማሪ ይበቃል።

ከዚያ አንድ ወረቀት ወስዳችሁ የቤቱን የአጻጻፍ ልማድ መዝግቡ። «ሥራ» ወይስ «ስራ»፣ «ዓመት» ወይስ «አመት»፣ «ኅብረተሰብ» ወይስ «ህብረተሰብ» ብለው ይጽፋሉ? «በኋላ» ወይስ «በሁዋላ»? በ«ዓ.ም.» መጨረሻ ነጥብ ያስገባሉ? ጥቅስ የሚያደርጉት በ« » ነው ወይስ በሌላ ምልክት? የምዕራፍ ቁጥር በግእዝ አኃዝ ነው? ሃያ ያህል ቃላትና ምልክቶች ከሁለት መጽሐፍ ከለቀማችሁ የቤቱን ጠባይ ይዛችኋል። አንዳንድ አሳታሚ የግእዙን ሥር ተከትሎ ሞክሼ ፊደላትን፣ ማለትም እንደ «ሠ» እና «ሰ» ድምፃቸው አንድ የሆኑትን፣ ለይቶ ይጠብቃል፤ ሌላው ድምፁ አንድ ከሆነ አንዱን ፊደል መርጦ ይጽፋል። የእኔ ምርጫ የመጀመሪያው ነው፤ ነገር ግን ፈተና ላይ የሚሠራው የፈታኙ ቤት ልማድ እንጂ የእኔም የእናንተም ምርጫ አይደለም።

ሦስተኛ፦ ሁለት ሳምንት ተለማመዱ

ሞክሼ ፊደላትን በቃል ለመያዝ ከመሞከር ይልቅ ምክንያታቸውን መያዝ ይሻላል። በግእዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌብነት ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሳለ፣ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ ማለት ነው፤ «ዓመት» የዘመን መስፈሪያ ሲሆን «አመት» ሴት አገልጋይ ናት። «ሀብት» በሀሌታው ሀ የሚጻፈው «ወሀበ»፣ ማለትም ሰጠ፣ ከሚለው ስለ ወጣ ነው። እንዲህ ያለ ምክንያት ያለው ተወዳዳሪ «ይህን ለምን ለወጥኸው?» ሲባል አይደነግጥም። መዝገበ ቃላት መጠቀምንም ተለማመዱ፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ቃላትን የሚደረድረው በሀሁ ሳይሆን በአበገደ ተራ ስለሆነ ቀድሞ ያልለመደው ሰው ቃሉ ያለ አይመስለውም፤ በፈተና ሰዓት ገጽ እየገለጡ መደናገር እንዳይመጣ ቤት ሳላችሁ እጃችሁን አስለምዱት።

ጎጃም ያደገ ሰው በዚህ ሥራ አንድ የታደለው ነገር አለ። ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ጎንጅ ቴዎድሮስ በቅኔ ትምህርታቸው የታወቁ ናቸውና ቅኔ ቤት ያልገባውም ሰው ቢሆን ሰምና ወርቅ ሲፈታ እየሰማ አድጓል። አንድን ሐረግ ሁለት አድርጎ መስማት የለመደ ጆሮ ለአርታዒ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ምክንያቱም አርታዒው የሚፈልገው ደራሲው ሳያስበው የገባውን ሁለተኛ ትርጉም ነው። «መምህሩ ለተማሪው መጽሐፉን መለሰለት» በሚለው ዐረፍተ ነገር መጽሐፉ የማን ነው? የተማሪው ነው፣ የመምህሩ ነው ወይስ ቀደም ሲል የተጠቀሰ ሌላ መጽሐፍ? በጽሕፈት ማጥበቅና ማላላት ስለማይታይም «ይሰማል» ሲላላ ሰውየው ይሰማል፣ ሲጠብቅ ድምፁ ይሰማል። ዐውዱ የሚለየው ከሆነ ተዉት፤ የማይለየው ከሆነ ግን ባለቤቱን ወይም ተሳቢውን በግልጽ ማስገባት ወይም ደራሲውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልምምዱን እንዲህ ብታደርጉት ይጠቅማል። በየቀኑ ከታተመ ጋዜጣ፣ ለምሳሌ ከባሕር ዳር ከሚዘጋጀው ከበኩር፣ አንድ ዓምድ መርጣችሁ በኮምፒውተር ገልብጡ። በማግስቱ የገለበጣችሁትን ከጋዜጣው ጋር ቃል በቃል አመሳክሩ። ጓደኛ ካላችሁ አንዱ እየጮኸ ያንብብ፣ ሌላው በጣቱ ይከተል፤ አንባቢው ነጥቡንና ቅንፉን ጭምር ይጥራ። በሁለተኛው ሳምንት ስሕተት ሆን ብላችሁ አስገብታችሁ ተለዋወጡ። በዚህ መንገድ የራሳችሁን ድክመት ታውቃላችሁ፤ አንዱ ቁጥር ያልፈዋል፣ ሌላው ርዕስ ያልፈዋል፣ ሌላው ደግሞ የተደጋገመ ቃል በመስመር መጨረሻና በቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ሲገጥም አያየውም።

አራተኛ፦ ፈተናው

ፈተናው በወረቀት ወይም በኮምፒውተር ሊሰጥ ይችላል። በኮምፒውተር ከሆነ በዎርድ ውስጥ ለውጥን መዝግቦ የሚያሳየውን ትራክ ቼንጅስ ከመጀመራችሁ በፊት መክፈት አለባችሁ፤ ፈታኙ ያደረጋችሁትን ካላየ ሥራችሁ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ፋይሉ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከታየ ጽሑፉ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ወይም ፓወር ግዕዝ ባለ የቆየ የፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ለፈታኙ ንገሩ እንጂ ጊዜያችሁን አታቃጥሉበት። የቃል ፍለጋን ስትጠቀሙም «ሥራ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ስራ» እንደማይመጣላችሁ አስታውሱ፤ ወጥነትን ለመፈተሽ እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ መፈለግ ግድ ነው። በሁለት ሁለት ነጥቦች የተሠራው «፡፡» ደግሞ ለዓይን አራት ነጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ በመስመር መጨረሻ ላይ ተለያይተው አንዱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በአንዱ «።» ተኩት።

አንድ ሰዓት ተሰጥቷችሁ አራት ገጽ ብትረከቡ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ እስክሪብቶ ሳታነሡ አንብቡ። ይህ ለብዙ ሰው እንደ ብክነት ይታየዋል፤ ነገር ግን ደራሲው ሆን ብሎ የሚደጋግመውን ቃል ከስሕተት መለየት የሚቻለው ሙሉውን ካዩ በኋላ ነው። ቀጥሎ 30 ደቂቃ ለዐረፍተ ነገርና ለፊደል፣ 10 ደቂቃ ለስሞች፣ ለቁጥሮች፣ ለቀኖችና ለርዕሶች ብቻ፣ የመጨረሻውን 10 ደቂቃ ደግሞ የራሳችሁን እርማት ለማንበብ መድቡ። አራሚው ራሱ ያስገባው ስሕተት ከሁሉ የከበደ ነው፤ ደራሲው ያልሠራውን ስሕተት በስሙ ማሳተም ነውና።

ነገሩን በቅርበት ለማየት እንዲረዳ ለልምምድ ያዘጋጀሁትን አጭር አንቀጽ እነሆ፦

«ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፡፡ ንጉስ ተክለሃይማኖት በ1881 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ከተማው እያደገ ሄደ። ንጉሥ ተክለ ኃይማኖት ካህናቶችን አክብሮ ይይዝ ነበር።»

በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰባት ጉዳይ አለ። አንድ ቦታ «፡፡»፣ ሌላ ቦታ «።» ገብቷል። «ንጉስ» እና «ንጉሥ» ተቀላቅለዋል። የንጉሡ ስም አንድ ጊዜ ገጥሞ፣ ሌላ ጊዜ ተለያይቶ ተጽፏል፤ በሁለተኛውም ላይ «ሃይማኖት» በ«ኃ» ሆኗል፣ ቃሉ ግን በሃሌታው ነው። ከተማዋ «ትባል ነበር» ተብላ በሴት አንቀጽ ከተጀመረች በኋላ «ከተማው» ተብላ ወደ ወንድ ተለውጣለች። «ካህናት» ብዙ ቁጥር ሆኖ ሳለ «ካህናቶች» ተብሎ በላዩ ላይ ሌላ ብዙ ቁጥር ተጨምሮበታል፤ «መጻሕፍቶች» እና «ሕፃናቶች» የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። ንጉሡ «ነገሡ» ተብለው በአክብሮት ከተጠሩ በኋላ «አክብሮ ይይዝ ነበር» ተብሏል። ሰባተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ራስ አዳል ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ የሆኑት በ1873 ዓ.ም. ሲሆን 1881 በአውሮፓ አቆጣጠር የሚነገረው ዓመት ነው።

ስድስቱን አርማችሁ ታልፋላችሁ። ሰባተኛውን ግን በዝምታ አትለውጡት። በኅዳጉ ላይ «ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ይመስላል፤ በእኛ አቆጣጠር 1873 ሊሆን ይገባል፤ እባክዎ ያረጋግጡልን» ብላችሁ ለደራሲው ጻፉ። የዘመን ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መሆኑን ካወቃችሁ እንዲህ ያለውን ስሕተት በፍጥነት ታገኛላችሁ። የዓድዋን ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1896 ዓ.ም. ብሎ የሚጽፍ ሰው ወሩንና ቀኑን ከእኛ፣ ዓመቱን ከአውሮፓ ወስዶ ማለቱ ነው፤ ትክክለኛው 1888 ዓ.ም. ነው። ፈታኞች እንዲህ ያለውን ወጥመድ ይወዳሉ፤ እኔም ፈተና ሳዘጋጅ ሁልጊዜ አንድ አስገባለሁ።

በኅዳግ የምትጽፉት ማስታወሻ ራሱ ፈተና ነው። አጭር፣ አክባሪና ሊመለስ የሚችል መሆን አለበት። «ይህ ምንም ግልጽ አይደለም» የሚል ማስታወሻ ደራሲውን ያስቀይማል እንጂ አይረዳውም። «በገጽ 2 ወንድሙ ታናሽ ነው፣ እዚህ ታላቅ ሆኗል፤ የትኛው ይያዝ?» የሚለው ግን በአንድ ቃል ይመለሳል።

የትርጉም ሥራ ከተሰጣችሁ ቃላቱ አማርኛ ሆነው አሰካኩ የባዕድ የሆነውን ፈልጉ። «ትልቅ ሚና ይጫወታል» የሚለው ተለምዷል፤ «ትልቅ ድርሻ አለው» ግን ያው ሐሳብ በራሳችን አነጋገር ነው። የጀርባ ሽፋን ጽሑፍ እንድትጽፉ ከተጠየቃችሁ ደግሞ መጨረሻውን አትንገሩ፣ ደራሲውን አታወድሱ፣ ከተሰጣችሁ የቃላት ብዛት አትለፉ።

ምን እንዳይነካ ማወቅ ቀሪው ጉዳይ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ትክክል ሆኖ እናንተ በሌላ መንገድ ትጽፉት ስለነበር ብቻ አትለውጡት። እያንዳንዱን ለውጥ በሦስት ለዩት፦ ስሕተት ነው፣ የወጥነት ጉድለት ነው ወይስ የእኔ ምርጫ ነው? የመጀመሪያው ይታረማል፣ ሁለተኛው በቤቱ ልማድ ይስተካከላል፣ ሦስተኛው ለደራሲው ይተዋል። በወረቀት የምትሠሩ ከሆነ በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ የወሰናችኋቸውን አጻጻፎች በአጭሩ ዘርዝሩ፤ «ሥራ፣ ዓመት፣ በኋላ፤ የሰው ስም ተለያይቶ፤ ንግግር ውስጥ ያለው የአካባቢ አነጋገር አልተነካም» የሚል ሦስት መስመር ሐሳባችሁን ለፈታኙ ያሳያል።

አምስተኛ፦ ቃለ መጠይቁ

ልብስ ንጹሕና ሥነ ሥርዓት ያለው ይሁን፤ ከዚህ በላይ ስለ ልብስ የሚባል የለም። የትምህርት ማስረጃችሁን፣ መታወቂያችሁንና ያረማችኋቸውን ሁለት ወይም ሦስት ገጾች ከመታረማቸው በፊት ከነበሩበት ጋር ይዛችሁ ቅረቡ። የምታሳዩት የሌላ ሰው ያልታተመ ጽሑፍ ከሆነ አስፈቅዱ፤ ያለ ፈቃድ ረቂቅ የሚያሳይ ሰው ነገ የእኛንም ያሳያል ተብሎ ይታሰባል።

«ይህን ሥራ ለምን ፈለግኸው?» ሲባል «የመጽሐፍ ፍቅር ስላለኝ ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ሁሉም የሚለው ነው። በምትኩ አንድ የተለየ ነገር ንገሩ፤ ለምሳሌ ከቤቱ መጻሕፍት በአንዱ የስሞች አጻጻፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ወጥ እንደሆነ ማስተዋላችሁን። በመጽሐፋቸው ውስጥ ስሕተት አይታችሁ ከሆነ ሲጠይቋችሁ ብቻ አንዱን ከነገጹ ተናገሩ፤ ሳይጠየቁ መዘርዘር ሥራውን የሠራው ሰው ከፊታችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና ደግ አይደለም።

«ያረማችሁትን ደራሲው አልቀበልም ቢልስ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ከላይ ያየነው የሦስት ክፍል መለያ ጥሩ መልስ ነው። «ጊዜ ቢያጥርስ?» ሲባል «ሌሊት እሠራለሁ» ብቻ አትበሉ፤ ለአለቃዬ አስቀድሜ አሳውቃለሁ፣ እስከዚያው ግን ሽፋኑን፣ ርዕሶቹን፣ ማውጫውን፣ ስሞቹንና ቁጥሮቹን አስቀድማለሁ ብሎ መመለስ የሥራውን ክብደት እንደተረዳችሁ ያሳያል።

ስለ ኅትመት ሒሳብ ጥቂት ማወቅም ያስመሰግናል። መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ሆኖ ወረቀቱ ሲታጠፍ ባብዛኛው 16 ገጽ ይወጣዋል። ስለዚህ 162 ገጽ የሆነ መጽሐፍ 176 ገጽ ለመሙላት 14 ባዶ ገጽ ይተርፈዋል፤ አርታዒው ከገጽ አቀናባሪው ጋር ተመካክሮ ሁለት ገጽ ቢያሳጥር ግን 160 ላይ ልክ ይገባል። እኔ በጀማሪነቴ ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ገጽ አቀናባሪው በየጊዜው «ሁለት መስመር ቀንስልኝ» ሲለኝ አልማረርም ነበር።

ደመወዝን በተመለከተ በከተማው ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለውን ቀድማችሁ ሥራው ላይ ያሉ ሰዎችን ጠይቁና ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ተናገሩ። በእናንተ ተራ ደግሞ አዲስ ሠራተኛ ሥራውን ከማን ጋር ሆኖ እንደሚለምድ፣ ቤቱ የተጻፈ የአጻጻፍ መመሪያ እንዳለውና አንድ መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደሚነበብ ጠይቁ።

ስድስተኛ፦ መንገዱና ሰዓቱ

ብዙዎቹ አሳታሚዎች አዲስ አበባ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅና ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ስላለ፣ መንገዱም ሁልጊዜ እንደታሰበው ስለማይሆን፣ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ከባሕር ዳር ለሚነሣ ሰው ርቀቱ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ሁለት ቀን ይሻለዋል። ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ፈተና ላይ የሚቀመጥ ሰው ዓይኑ ፊደል አይለይም። መንገዱ የማያስኬድ ከሆነ ፈተናው በኢሜይል፣ ቃለ መጠይቁም በስልክ እንዲሆን ምክንያቱን ገልጻችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ያን ጊዜ መብራትና ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ስልኩን ሞልታችሁ፣ ሁለተኛ የስልክ ቁጥርም ሰጥታችሁ ጠብቁ። ቀጠሮው «9 ሰዓት» ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሆኖ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብላችሁ አረጋግጡ። ሰዓትና ቀን ማረጋገጥ ለምትወዳደሩበት ሥራ የመጀመሪያው ማሳያ ነው።

ሰባተኛ፦ ከፈተናው በኋላ

በዚያው ምሽት የተጠየቃችሁትንና የተጠራጠራችሁበትን ቃል ሁሉ በማስታወሻ ያዙ፤ መዝገበ ቃላት ገልጣችሁም አረጋግጡ። የፈተናውን ጽሑፍ ግን ለማንም አታሳዩ፣ ፎቶም አታንሡት፤ የደራሲው ያልታተመ ሥራ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ አጭር የምስጋና መልእክት ላኩ፤ መልእክቱም ይነበባልና ሁለት ጊዜ አርሙት። በተባለው ቀን መልስ ካልመጣ ሳምንት ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ ደውሉ።

ካላለፋችሁ የታረመውን ወረቀት እንዲያሳዩአችሁ በትሕትና ጠይቁ። ሁሉም ቤት አያሳይም። ካሳዩአችሁ ግን እያንዳንዱን ምልክት ከማስታወሻችሁ ጋር አስተያዩና ያለፋችሁትን ስሕተት በአንድ ገጽ፣ ሳያስፈልግ የነካችሁትን በሌላ ገጽ ጻፉ። ቀጣዩ ልምምዳችሁ ረዘም ካለው ገጽ ይጀምር።